የሽቦ ልክ

ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ጠባብ ጋራዥ ውስጥ አንድ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ዳሽቦርዱ ተነቅሎ፣ ሽቦው ተዘርግፎ ቆሟል። የኋላ መብራቱ ሲፈልግ ይበራል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ኤሌክትሪሺያኑ በእጁ የያዘው ሁለት ሽቦ የተበየደባት የፍሬቻ አምፖል ብቻ ነው። አንዱን ጫፍ ከማሳ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት አካል፣ ጋር አገናኘ። ሌላውን ወደተጠረጠረው ሽቦ ይወስደዋል ብዬ ስጠብቅ ዘወር ብሎ ባትሪው ላይ አስነካው። አምፖሏ በራች። ከዚያ ሽቦውን ነካ፤ አልበራችም። እንደገና ወደ ባትሪው ተመለሰ፤ በራች።

«ለምንድን ነው እየተመለስክ ባትሪውን የምትነካው?» አልኩት።

«እሷ ራሷ ተቃጥላ ቢሆንስ ጋሼ? እሷ ከተቃጠለች የመኪናው ሽቦ ሁሉ የተበጠሰ ነው የሚመስለኝ።»

ስለ ኤሌክትሪክ ሽቦ ፍተሻ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ነገሩን ከዚህ አሳጥሮ የነገረኝ ግን የለም። ሽቦ የሚፈትሸው መሣሪያ ራሱ ካልተፈተሸ ውጤቱ ወሬ ነው። ይህን እውነት ዓለም ያወቀው ብዙ ከስሮ ነው። እኛም ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ከሽቦ ጋር ስንኖር ስለ ሽቦው መምጣት እንጂ ስለ ልኩ እምብዛም አላወራንም።

ቋንቋችን ግን ነገሩን ያውቀዋል። «ልክ» ስንል መጠን ማለታችን ነው፤ «ልክ ነው» ስንል ደግሞ እውነት ነው ማለታችን ነው። በርበሬ በጣሳ የሚገዛ ሰው ከበርበሬው በፊት ጣሳውን ያገላብጣል፤ ታቹ ተሰርጉዶ እንደሆነ በጣቱ ይዳብሳል። ጣሳውን ሳይዳብስ የሚገዛ ሞኝ ነው ይባላል። ሽቦ ላይ ስንደርስ ይህ ብልሃት የት እንደሚጠፋን አይገባኝም።

ኢትዮ ቴሌኮም ዕድሜውን የሚቆጥረው ከሐረር አዲስ አበባ የስልክ መስመር ነው። ሥራው የተጀመረው በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ስለዚያ ዘመን ስናወራ ስልክ «የሰይጣን ሥራ ነው» ተባለ የሚለውን ጨዋታ መደጋገም እንወዳለን። ረጅም ሰው ስናይም «እንደ ስልክ እንጨት» እንላለን። ሽቦው በተበጠሰ ጊዜ የተበጠሰበትን ቦታ እንዴት አድርገው ያገኙት እንደነበር ግን ማንም አይጠይቅም። 477 ኪሎ ሜትር ሙሉ በበቅሎ እየሄዱ ቀና ብሎ ማየት አንድ መንገድ ነው። ጣቢያ ለጣቢያ እየተጠራሩ መልስ የጠፋበትን ክፍል መለየት ሌላ መንገድ ነው፤ ይህ ድካሙን ወደ አንድ ክፍል ያወርደዋል። ሦስተኛው መንገድ ከጣቢያው ሳይነሱ የሽቦውን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) ለክቶ ብልሽቱ በስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ ማስላት ነው። ይህ ሦስተኛው ብልሃት የጎለበተው ከባሕር በታች በተዘረጋ ገመድ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1858 አውሮፓንና አሜሪካን የሚያገናኝ የቴሌግራፍ ኬብል በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር ተዘረጋ። ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችው የ98 ቃል መልእክት ለመተላለፍ 16 ሰዓት ፈጀ። የኩባንያው ኤሌክትሪክ ኃላፊ ዋይልድማን ዋይትሃውስ፣ ምልክቱ የደከመው ጉልበት አንሶት ነው ብሎ ወደ 2,000 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ለቀቀበት። ኬብሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ ጸጥ አለ። ከዋይትሃውስ ጋር ሲከራከር የቆየው የግላስጎው ሊቅ ዊሊያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ ኃይል ከመጨመር ይልቅ ደካማውን ምልክት የሚያነብ ስሱ መለኪያ ሠርቶ ነበር። የተቃውሞ መለኪያ አሃድ የሆነው ኦም በጋራ የተወሰነው በ1860ዎቹ፣ ከዚህ ኪሳራ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለት ከተማ ያሉ ሁለት መሐንዲሶች ስለ አንድ ሽቦ ሲጽፉ አንዱ የሌላውን ቁጥር ሊያምን የሚችልበት፣ ሁሉም የተስማማበት መሠረት አልነበረም።

ቶምሰን ከኬብሉ መዘርጋት በፊት፣ በ1857፣ ሌላም ነገር ደርሶበት ነበር። ለቴሌግራፍ የሚሸጠው መዳብ ለዓይን አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው እጅግ ይለያያል። ስለዚህ መዳቡ ከፋብሪካ ሳይወጣ ይለካ አለ። ይህ ነገር የድሮ ታሪክ ብቻ የሚመስለው ካለ መርካቶ ወርዶ ሽቦ ይግዛ። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የተባለ፣ 100 ሜትር ርዝመት ያለው የመዳብ ሽቦ ጥቅል፣ ደረጃውን የጠበቀ ከሆነ በ20 ዲግሪ ሙቀት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ ከ0.74 ኦም መብለጥ የለበትም። 1.2 ኦም ገደማ ካነበበ ገዢው የያዘው 1.5 ነው፤ ወይም ላዩ መዳብ ውስጡ ሌላ ነው፤ ወይም ጥቅሉ ከ100 ሜትር ይረዝማል። የመጨረሻው ሲሆን ግን አላየሁም።

እዚህ ላይ ደግሞ የመለኪያው ነገር ይመጣል። የተለመደው መልቲሜትር ሁለቱ የገዛ ሽቦዎቹ ብቻ 0.2 ወይም 0.3 ኦም ያነባሉ፤ አርጅተው ከሆነ ከዚያም በላይ። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን ጥቅል መጥፎ ነው ብሎ ይመልሰዋል። ያወቀ ሰው መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አነካክቶ ቁጥሩን ያይና ከውጤቱ ላይ ይቀንሰዋል። የ18 ማዞሪያው ሰው ባትሪውን እንደሚነካው ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ ራሱ በ1890 ዓ.ም. ቤተ መንግሥት ገባ፤ በ1904 ዓ.ም. ገደማ አቃቂ ላይ ከውኃ መመንጨት ጀመረ። ከዚያ ጣሊያን መጣች፤ ቃላትም ይዛ መጣች። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ናስትሮ፣ ማሳ፣ ፍሬቻ፣ ሞተሪኖ፦ የኮልፌ ጋራዥ እስከ ዛሬ የሚናገረው በእነዚህ ነው። አብዛኞቹ የመቁረጥ፣ የመፍታት፣ የማሰር፣ የማስነሳት ቃላት ናቸው። ሜገር፣ መልቲሜትር፣ ካሊብሬሽን የሚሉት በኋላ፣ በእንግሊዝኛ፣ በማሠልጠኛ ቤት በኩል የገቡ ይመስለኛል። የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም.፣ የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ሲቋቋሙ የእነሱ ባለሙያዎች ወረቀትና ቁጥር ይዘው መሥራት ለመዱ። ከጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው ቆቃም በ1952 ዓ.ም. 43 ሜጋ ዋት ይዞ ደረሰ። ጋራዡና የሠፈሩ ኤሌክትሪሺያን ግን በፒንሳው ቀረ።

ሜገር የምትለው ቃል ትንሽ ታቆየን። እንግሊዛዊው ሲድኒ ኤቨርሼድ እ.ኤ.አ. በ1889 የሠራው የሽፋን መለኪያ ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1903 ነው። በእጅ የሚዞር እጀታ አለው፤ ሲዞር 500 ቮልትና ከዚያ በላይ ያመነጫል። የሚጠይቀው ጥያቄ ከአምፖሏ ፍጹም የተለየ ነው። አምፖሏ «ኤሌክትሪኩ መድረስ ወዳለበት ይደርሳል ወይ?» ትላለች። ሜገር «መድረስ ወደሌለበት ይሾልካል ወይ?» ይላል። ለቤት መስመር በ500 ቮልት ሲፈተሽ ከ1 ሜጋ ኦም ማነስ የለበትም። ያው መስመር ግን ግንቦት ላይ ሌላ፣ ነሐሴ ላይ ሌላ ያነባል፤ ክረምቱ ግድግዳው ውስጥ ይገባልና። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተለክቶ የተተወ መስመር ተለክቷል ለማለት ይቸግረኛል። ሠፈሩ ሁሉ «በኮንታክት ተነሳ» የሚለው እሳት እንዲህ ካለ መሾለክ ሊጀምር ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። የመለኪያ መሣሪያ ከነመመሪያው ሲመጣ፣ በመመሪያው ጀርባ በደቃቅ ፊደል ብዙ ጊዜ «እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ» የሚል አለ። ዓለም አቀፉ የመለኪያ መሣሪያዎች ደህንነት ደረጃ መደበኛ ሁኔታ ብሎ የሚይዘው ይህንን ነው። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ወደ ወጨጫ ተራራ የሚቀርበው የኮልፌ ወገንም ዝቅ አይልም። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ የመዝለል አቅሙ ይጨምራል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ሃምቡርግ ላይ 1,500 ቮልት የቻለ ማገናኛ እዚህ በፒኖቹ መካከል ሊተኩስ ይችላል። ጥፋቱ የኬብሉ አይደለም፤ ከፍታውን ያላሰላው የፈታሹ ነው። ድሪምላይነር ሰማይ ላይ ሲበር ተሳፋሪው የሚተነፍሰው አየር ቢበዛ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ዓይነት ነው፤ ከኮልፌ አየር ይወፍራል ማለት ነው።

ድሪምላይነር ካልኩ ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. የሆነውን ማንሳት አለብኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787፣ «ንግሥተ ሳባ» የተባለው፣ ለንደን ሂትሮው ላይ ሰው አልባ ሆኖ ቆሞ ሳለ ከጅራቱ አጠገብ እሳት ተነሳ። ማንም አልተጎዳም። ያን ቀን ብዙዎቻችን ከወራት በፊት ሁሉንም 787 አውሮፕላኖች ያሳገዱት ባትሪዎች መስለውን ነበር። የእንግሊዝ መርማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጡት የመጨረሻ ሪፖርት ሌላ ነገር አሳየ። አደጋ ሲደርስ ምልክት የምትሰጥ አንዲት ትንሽ አስተላላፊ መሣሪያ ውስጥ፣ የባትሪዋ ሁለት ሽቦዎች ተጠላልፈው በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። የተጨፈለቀው ሽፋን ሳስቶ ሁለቱ ተገናኙ፤ ባትሪው ጋለ፤ እሳቱ ወደ አውሮፕላኑ አካል ተሻገረ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ፍተሻ በሌሎች አየር መንገዶች አውሮፕላኖችም የተጨፈለቁ ሽቦዎች ተገኙ።

ይህን ሪፖርት ያነበብኩት ደረቴ እየተጫነኝ ነው። የተጨፈለቀ ሽቦ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አምፖል ቢፈትነው ያልፋል፤ መልቲሜትር ቢፈትነው ያልፋል። ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት የተደረገ ፍተሻ ደግሞ ገና ያልደረሰውን ጉዳት ሊያይ አይችልም። የት ደረጃ ላይ እንደሚፈተሽ የሚወስነው ሰው፣ በምን እንደሚፈተሽ ከሚወስነው አያንስም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦሌ ላይ የአውሮፕላን ዋየሪንግ ጥቅል የሚሠራበት ክፍል ማቋቋሙ ለዚህ ነው ደስ የሚያሰኘኝ። በእንዲህ ያለ ሥራ እያንዳንዱ ሽቦ በሰሌዳ ላይ እንደ ሸማ ድር ይዘረጋል፤ ጫፉ ላይ የተጨመቀው ብረት በናሙና እየተሳበ ጥንካሬው ይለካል፤ ካለቀ በኋላ ጥቅሉ ከመፈተሻው ማሽን ጋር ተሰክቶ እያንዳንዱ ፒን ከሁሉም ፒን ጋር ይመሳከራል። የማላደንቅ አይምሰላችሁ፤ ግን ማሽኑም ያረጃል። በቀን መቶ ጊዜ የሚሰካበት ሶኬት ይላላል፣ ፒኑ ይሟልጣል፤ ያኔ ደህናውን ጥቅል ብልሹ ነው ማለት ይጀምራል። ሠራተኛው ሲሰለቸው ደጋግሞ እየሰካ «አሁን አለፈ» ይላል። እውነተኛው ብልሹም በዚያው በር ያልፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሆን ተብሎ የተበላሸ አንድ ጥቅል በየማለዳው ማሽኑ ላይ ይሰካል፤ ማሽኑ ካልጣለው የዚያን ቀን ሥራ አይጀመርም።

አገሪቱ ለዚህ ቤት ሠርታለች። በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ሲከፋፈል ብሔራዊ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ራሱን ችሎ ቆመ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የጥራት መንደር ተመረቀ። ከፋብሪካና ከሆስፒታል የሚመጣ መለኪያ እዚያ ከአገሪቱ ዋና መለኪያ ጋር ይመሳከራል። የጎደለው ከዚያ ቤት እስከ 18 ማዞሪያ ያለው መንገድ ነው። ከእኛ ሠፈር ብዙም ሳይርቅ ዊንጌት ኮሌጅ አለ፤ ተማሪው ሠልጥኖ የሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ይፈተናል። የሚፈተነው ሰውየው ነው። ተመርቆ ጋራዥ ሲገባ የሚያገኘው መልቲሜትር ፊውዙ ተቃጥሎ በሲጋራ ብርማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ሽቦው አንገቱ ላይ ተሰብሮ በናስትሮ የታሰረ ነው።

ይህን በሰው ላይ ለመፍረድ አላወራውም። እኔም ቤት አንድ ኤሌክትሪሺያን ማከፋፈያውን ከፍቶ በመልቲሜትር ለካና «የለም፣ ጠፍቷል» ብሎ ሽቦውን በእጁ ያዘ። ነበረ። የመለኪያው አንዱ ሽቦ ውስጡ ተበጥሶ ኖሯል። ወደ ኋላ ተወርውሮ ግድግዳው ያዘው፤ ተረፈ። ለአንድ ሰዓት ያህል ሁለታችንም አልተናገርንም። መለኪያውን አስቀድሞ ኤሌክትሪክ እንዳለው በሚያውቀው ሶኬት ላይ ቢሞክረው ኖሮ ጊዜው ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም ነበር።

ሚኒባሱ ምን እንደነበረበት መጨረሻ ላይ ታወቀ። ከረዳቱ ወንበር ሥር፣ ወንበሩን ወለሉ ላይ የሚይዘው ብሎን የሽቦውን ጥቅል ተጭኖታል። ከሽቦው ጅማቶች ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ቀርተዋል። መልቲሜትር ቢሆን 12 ቮልት አለ ይል ነበር፤ መልቲሜትር ኃይል ስለማይጎትት በአንድ ጅማትም ይታለላል። 21 ዋት የምትጎትተው የፍሬቻ አምፖል ግን መኪናው ሲነቃነቅ እየፈዘዘች ነገረችን። ኤሌክትሪሺያኑ የተጎዳውን ቆርጦ አዲስ በየደ፣ ጠቀለለ፣ ጥቅሉን ከብሎኑ አርቆ አሰረው።

ከዚያ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ አምፖሏን አብሮት ለሚሠራው ለማጅ ልጅ ሰጠው። ልጁ አንዱን ጫፍ ማሳ ላይ አሰረና በቀጥታ ወደ አዲሱ ሽቦ ሄደ። ሰውዬው በሩ ላይ ቆመ። ምንም አልተናገረም። ተመልሶ ባትሪውን ሁለት እርምጃ ወደ ልጁ አስጠጋው።