ጃፓን የሠራችውን በጣሊያንኛ እንጠግናለን፦ የአሮጌዋ ሚኒባሳችን ታሪክ

ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ቺንጋ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ጋቢና፣ ታርጋ፣ ቦሎ።

እነዚህን ቃላት ሳይናገር መኪና አስጠግኖ የሚወጣ ሰው አገራችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ከሞላ ጎደል ሁሉም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። አሁን ደግሞ የእኛን ቤት መኪና እዩልኝ። አባቴ በ1994 ዓ.ም. ያገለገለች የገዛት ቶዮታ ሃይኤስ ናት፤ ሕዝቡ "ዶልፊን" የሚላት፣ ባለ ፋይቭ ኤል የናፍጣ ሞተር። እህት ወንድሞቼን ትምህርት ቤት አመላልሳለች፣ ሙሽራ አጅባለች፣ ለቅሶ ወስዳናለች። ጃፓናዊት ናት። ጋራዥ ስትገባ ግን ከስሟ በቀር አንዲት የጃፓንኛ ቃል አትሰሙም።

ለምን? የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህ ጥያቄ ሲከነክነኝ ከርሟል። ዛሬ ትንሽ ልጻፍበት። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

መኪና አዲስ አበባ የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ቤድ ቤንትሊ በሚባል እንግሊዛዊ አማካይነት እንደሆነ ብዙዎቻችን ተምረናል። ግን የእንግሊዙ መኪና የእንግሊዝኛ የጥገና ቋንቋ አላወረሰንም። ለረጅም ጊዜ መኪና የቤተ መንግሥትና የጥቂት መኳንንት ዕቃ ነበርና።

ነገሩ የተለወጠው በጣሊያን ወረራ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ ጦሯን ለመመገብና አገሩን ለመያዝ መንገድ ጠረገች፣ ፊያትና ላንቺያ የጭነት መኪናዎችን በገፍ አስገባች። መኪና ደግሞ ይበላሻል። ሲበላሽ ጎማ የሚፈታ፣ ዘይት የሚያፈስ፣ ክሪክ የሚያቀብል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ሐበሻ ነበር። ፋሺስቱ አስተዳደር ሐበሻን መሐንዲስ የማድረግ ሐሳብ አልነበረውም። ዕቃ አቀባይ እንዲሆን ነው የፈለገው። ዕቃ አቀባይ ግን የዕቃውን ስም ማወቅ አለበት! "ካቻቪቴ!" ሲባል ካቻቪቴውን፣ "ፒንሳ!" ሲባል ፒንሳውን ካላቀበለ ጉድ ይፈላል። አባቶቻችን ሙያውን የለቀሙት እንዲህ ከትእዛዝ ውስጥ ነው።

ከነፃነት በኋላም ብዙ ጣሊያናውያን ባለሙያዎች እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። ከአሥመራም ከጣሊያኖች ሥር ሙያ የተማሩ መካኒኮች ወደ አዲስ አበባ መጡ። ቃላቱም በእነሱ አፍ ጸኑ። በኋላ ሰይቼንቶ መጣች፤ "ስድስት መቶ" ማለት ነው፣ ፊያት 600 መሆኗ ነው። ታክሲ ሆና ከተማውን ዞረች። ከዚያ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥባት ውይይት መጣች። ቀጥሎ የሃይኤስ ሚኒባስ ዘመን ሆነ።

ዘንድሮ ተማሪዎቼን ከየሰፈራቸው ጋራዥ ቃላት እንዲሰበስቡ አዝዤ ነበር። ትርጉማቸውን አብረን ስንፈልግ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ማርሚታ ለካ ድስት ማለት ነው! ባሌስትራ የጥንት የቀስት መሣሪያ ነው፤ መኪናውን የሚሸከመው የተቆለመመ ብረት ደጋን ስለሚመስል። ቴስታታ "ቴስታ" ከሚለው ቃል የመጣ ነው፣ ራስ ማለት ነው። ፍሬቻ ደግሞ ቀስት ነው። የድሮ መኪናዎች መታጠፊያ ምልክት ብልጭ የሚል መብራት አልነበረም። ከጎን ብድግ እያለ የሚወጣ ቀስት መሳይ ክንድ ነበር። ክንዱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ ስሙ ግን በእኛ አፍ ይኖራል። አርኪዮሎጂስት አፈር ቆፍሮ ንብርብሩን ያነባል። እኛ ደግሞ የጋቢናውን ወንበር ስናነሳ ታሪክ እናገኛለን።

የጋቢናውን ወንበር ያልኩት በምክንያት ነው። የዶልፊን ሞተር ከፊት ወንበሮች ሥር ነው ያለው። ሞተሩ ሲሞቅ ሾፌሩ መቀመጫው ላይ ይሰማዋል። መካኒካችን ስልሳውን ያለፈ ሰው ነው። አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦

"መምህር፣ ውኃ ስንት ላይ ይፈላል?"

"መቶ ዲግሪ ነዋ፣ ጋሼ።"

"እሱ ጅቡቲ ነው። እዚህ ቀድሞ ይፈላል።"

እውነቱን ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩ ከዚያ በላይ ሙቀት እንዲችል የሚያደርገው ትንሿ ክዳን ናት፤ እንፋሎቱን አፍና ግፊት ስለምትይዝ። የክዳኗ ጎማ ሲደርቅ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውኃው ይፈላል፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ከዚያ ሞተር ይወርዳል። በአንዲት ክዳን! ስለዚህ መኪና ሞቀ ብሎ ለመጣ ሰው ሁሉ የእሱ የመጀመሪያ ቃል "ክዳኑን ቀይረሃል?" ነው። ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን የሚከፍት ሰው ሲያይ ደግሞ ይጮኻል።

ሌላም አለ። የእኛ አየር ከባሕር ጠረፉ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ናፍጣው እንደ ባሕር ጠረፍ ከተለቀቀለት ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጋሼ ፖምፓውን በጆሮው እየሰማ ይቀንሰዋል። ወደ ጎጃም ስንሄድ የዓባይን በረሃ "በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ውረድ፣ ዳገቱ ላይ ዓይንህን ከሙቀት መለኪያው አትንቀል" ይለኛል። የሞተሩ ቺንጋም አለ። በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ጋሼ ግን ካገለገለ መኪና ላይ የሚነበበውን ኪሎ ሜትር ስለማያምን "ገዝተህ እንደመጣህ ቀይር፣ ቀኑን ጽፈህ ለጥፍ" ነው የሚለው። አባቴ የጻፈው ወረቀት እስከ ዛሬ በሩ ላይ አለ። ይህን ሁሉ ጋሼ ከመጽሐፍ አላነበበውም። ከጌታው ነው የተማረው፤ ጌታው ደግሞ ከአንድ ጣሊያን።

እንግዲህ የጥያቄዬን መልስ ያገኘሁት እዚህ ነው። ቃል ከዕቃ ጋር አይመጣም፣ ከአስተማሪ ጋር ነው የሚመጣው። ቶዮታ ሃይኤስን እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ሠርቷል። መኪናዋ በመርከብ ደረሰችን፤ የሠራት ሰው ግን እኛ ሰፈር ጋራዥ መጥቶ "ይህን ያዝ፣ ያንን አቀብል" አላለም። ጣሊያኑ በክፋትም ይሁን በደግ አጠገባችን ቆሟል። ስለዚህ በጠላት ቋንቋ የወዳጅ መኪና እንጠግናለን። አያሳፍርም፤ አያቶቻችን ከወራሪው እጅ ሙያ ነጥቀው አስቀርተዋል ማለት ነው። የአርበኞችን ታሪክ እናስተምራለን፣ ይገባል። ይህኛውን ግን ማን ያስተምራል?

ይህን የምጽፈው ለትዝታ ብቻ አይደለም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎችን ግብር እንደ ዕድሜያቸው አክብዶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል አገር እንዳይገባ ተወሰነ። በውሳኔው ላይ መከራከር ይቻላል፤ ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት መኖር አለባቸው፣ የሚያኖራቸውም እንደ ጋሼ ያለ ሰው ነው። እሱ ጋ ድሮ አምስት ልጆች ሙያ ይማሩ ነበር። ዛሬ አንድ ነው ያለው።

የኤሌክትሪኮቹም ነገር አለ። ባትሪና ኢንቨርተር ይዘው እየመጡ ነው። አስተማሪያቸውስ አብሮ እየመጣ ነው? ካልመጣ ስማቸውን እንይዛለን እንጂ ሙያውን አንይዝም። ስሙን የማያውቅ አቀባይ ከመሆን አያቶቻችን እንኳን አምልጠው ነበር።

እኔ በአቅሜ የጀመርኩት የተማሪዎቼን ደብተር ነው። እስካሁን 140 ቃል ደርሷል። በሚቀጥለው ወር ጋሼን ክፍል ይዤ ልገባ ነው፤ "ምን ለብሼ ልምጣ?" ብሎ ጠይቆኛል። ቱታህን ብዬዋለሁ።

እናንተም በየጋራዡ የምትሰሙትን ቃል ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። በተለይ የድሬዳዋ፣ የጎንደርና የደሴ ልጆች። ከማን እንደሰማችሁትም ጨምሩበት፤ ቃሉን ያህል ያስተማረው ሰው ታሪክ ነው።