የንግድ ምክር ቤቶች ድምፅ በከተማ ፖሊሲና በመሐል ከተማ መልሶ ማልማት፦ አዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች

የንግድ ምክር ቤቶችና የዘርፍ ማኅበራት የአባሎቻቸውን የጋራ ጥያቄ አደራጅተው ለመንግሥት የሚያቀርቡበት፣ ፖሊሲና ዕቅድ በሚዘጋጅበትም ጊዜ ሐሳባቸው እንዲካተት የሚጥሩበት ሥራ በአገራችን አድቮኬሲ ወይም ጉትጎታ በመባል ይታወቃል። ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚያከናውነው ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል የሚያቋቁመው ኮሚቴ ነው።

የኮሚቴው ሥራ በተለይ ጎልቶ የሚታየው የከተማ ማዕከላት በሚታደሱበት ወቅት ነው። ማዕከሉ ሲታደስ መንገድ ይሰፋል፤ አሮጌ ቤት ይፈርሳል፤ የመናኸሪያና የገበያ ቦታ ይዛወራል። እያንዳንዱ ውሳኔ ለዓመታት ደንበኛ ያፈራን ነጋዴ ሊያጠናክር ወይም ከሥራ ውጭ ሊያደርግ ይችላል። በመሆኑም የንግዱ ማኅበረሰብ በየትኛው የዕቅድ ደረጃ ላይ ይደመጣል የሚለው ጥያቄ የከተማ አስተዳደር ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ትኩረት ሊሰጡት የሚገባ ነው።

ሕጋዊ መሠረት

ዘመናዊው የንግድ ምክር ቤት አደረጃጀት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1939 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ሲቋቋም ነው። የምክር ቤቶቹ የኋላ አደረጃጀት የተመሠረተው የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶችን ለማቋቋም በወጣው አዋጅ ቁጥር 341/1995 ላይ ነው። አዋጁ ከወረዳና ከከተማ ጀምሮ እስከ ክልልና አገር አቀፍ ደረጃ የሚዘልቅ መዋቅር የዘረጋ ሲሆን፣ አምራቾች በየዘርፋቸው የሚደራጁባቸውን ማኅበራትም በአንድ ማዕቀፍ ውስጥ አካቷል።

በ2002 ዓ.ም. በወቅቱ የነበረው የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት በተፈራረሙት የመግባቢያ ሰነድ የመንግሥትና የግሉ ዘርፍ የምክክር መድረክ ተቋቁሟል። መድረኩ በንግድ አሠራር፣ በታክስ፣ በጉምሩክና በመሰል ጉዳዮች ላይ የግሉ ዘርፍ በጥናት የተደገፈ ሐሳብ እንዲያቀርብና መንግሥት ምላሽ እንዲሰጥበት ታስቦ የተመሠረተ ሲሆን፣ በክልል ደረጃም ተመሳሳይ ውይይቶች የሚካሄዱበትን አሠራር አስከትሏል።

የከተሞችን አስተዳደር በተመለከተ የኦሮሚያ ክልል ባወጣው አዋጅ ቁጥር 65/1995 እና ከዚያ በኋላ በተደረጉ ማሻሻያዎች የከተማ ምክር ቤት፣ ከንቲባና ሥራ አስኪያጅ የሚኖራቸው ሥልጣን ተደንግጓል። የከተማ ፕላንን በሚመለከት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት እንዲያገለግል የደነገገ ሲሆን፣ ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት አድርጓል። ለንግዱ ማኅበረሰብ ከሁሉም የላቀ ዋጋ ያለው የተሳትፎ በር ይህ ነው። ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ባብዛኛው የካሳ ወይም የምትክ ቦታ ጥያቄ ከመሆን አያልፍም።

የኮሚቴው የሥራ ሂደት

የአድቮኬሲ ኮሚቴ የመጀመሪያ ተግባር የግለሰብን አቤቱታ ከጋራ ችግር መለየት ነው። አንድ ነጋዴ ፈቃዱ የዘገየበት በሰነድ ጉድለት ምክንያት ከሆነ ጉዳዩ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚፈታ ነው። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሱቆች ሁሉ የዕቃ ማራገፊያ ቦታ በማጣታቸው ገበያቸው ከቀነሰ ግን ጉዳዩ የከተማውን የትራፊክና የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ይመለከታል።

ሁለተኛው ተግባር ማስረጃ ማሰባሰብ ነው። የሱቆች ብዛት፣ የሠራተኞች ቁጥር፣ የኪራይና የግብር መጠን እንዲሁም ደንበኞች ወደ ማዕከሉ የሚመጡበት መንገድና ሰዓት ተመዝግቦ የቀረበ እንደሆነ አስተዳደሩ የሚወስነው በመረጃ ላይ ተመሥርቶ ይሆናል።

ሦስተኛው ተግባር ውሳኔው በየትኛው እርከን እንደሚሰጥ መለየት ነው። የመሬት ሊዝ ማዕቀፍ በፌዴራል አዋጅ ቁጥር 721/2004 የተደነገገ ሲሆን ዝርዝር አፈጻጸሙ በክልል ደንብ ይወሰናል። የግለሰብ ነጋዴዎች የትርፍ ግብር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የክልል ሥልጣን ነው። የፈጣን መንገድ ግንባታ የፌዴራል ጉዳይ ሲሆን፣ የመንገድ ዳር ማቆሚያ፣ የገበያ ቦታና የጽዳት አገልግሎት ደግሞ የከተማው ናቸው። ጥያቄው ወደማይመለከተው ቢሮ የቀረበ እንደሆነ ሁለቱም ወገኖች ጊዜ ያባክናሉ።

አዳማ፦ በመንገዶች መገናኛ ላይ የተመሠረተ ማዕከል

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አዳማ፣ የቀድሞ ናዝሬት፣ እድገቷ ከጅቡቲ የባቡር ሐዲድና ወደ ሐረር፣ ወደ ጅቡቲና ወደ አሰላ ከሚወስዱት መንገዶች ጋር የተሳሰረ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 220,212 ነዋሪ ተመዝግቦባታል። ከተማዋ በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ እንድትሆን መወሰኑ፣ ኋላም በ1997 ዓ.ም. መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ መመለሱ በንግድ እንቅስቃሴዋ ላይ የራሱን አሻራ ትቷል። ሆቴሎችና የስብሰባ አዳራሾች ለመሥሪያ ቤቶች ስብሰባና ሥልጠና የሚሰጡት አገልግሎት ከከተማዋ ዋነኛ የገቢ ምንጮች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

የአዳማን መሐል ከተማ የለወጡት ትላልቅ ውሳኔዎች ግን ከከተማዋ አስተዳደር በላይ ባሉ አካላት የተሰጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ለአገልግሎት የበቃው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ጉዞውን ያሳጠረ ሲሆን፣ በአንጻሩ በቢሾፍቱና በሞጆ ያልፍ የነበረውን ተጓዥ በከፊል ከቀድሞው ጎዳና ወስዷል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ አዲስ የባቡር መስመርም ጣቢያውን ከአዳማ መሐል ከተማ ውጭ አድርጓል። በአሮጌው ጣቢያ ዙሪያ በባቡር ተጓዥ ላይ የተመሠረተው ንግድ ዋና ምክንያቱን አጥቷል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የከተማው ምክር ቤትና የንግዱ ማኅበረሰብ የፌዴራል ፕሮጀክት በሚጠናበት ጊዜ የመግቢያ መንገዶችን፣ የአውቶቡስ ትስስርንና የጭነት ማራገፊያን በሚመለከት በጋራ ሐሳብ ካላቀረቡ፣ መሐል ከተማውን ለማደስ ኋላ የሚወጣው ወጪ ከፍ ይላል።

ሞጆ፣ መቂና ባቱ፦ አላፊ መንገደኛን የሚጠብቅ ገበያ

በስምጥ ሸለቆው ጎዳና ላይ የሚገኙት ከተሞች ንግድ በእጅጉ የተመሠረተው በአላፊ መንገደኛ ላይ ነው። ሞጆ የደረቅ ወደብ መቀመጫና የመንገዶች መገናኛ ናት። መቂ በሽንኩርትና በቲማቲም ገበያዋ፣ ባቱ (ዝዋይ) በሐይቋ ዓሣና በአበባ እርሻዎቿ ይታወቃሉ። በአራት ክፍል የተከፈለው 202 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የሞጆ–ሐዋሳ ፈጣን መንገድ ለአገሪቱ ወጪ ንግድ የሚሰጠው ጥቅም የማያጠራጥር ቢሆንም፣ በቀድሞው መንገድ ዳር የተደረደሩት ምግብ ቤቶች፣ የጎማና የመለዋወጫ ሱቆች፣ አትክልትና ዓሣ ሻጮች ደንበኛቸው በሌላ መንገድ እንዲያልፍ ያደርጋል።

ተመሳሳይ ችግር በሌሎች አገሮችም ታይቷል። በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ብሎር ዌስት ቪሌጅ በተባለው ሠፈር የነበሩ ነጋዴዎች የምድር ውስጥ ባቡር መዘርጋትና የትላልቅ የገበያ አዳራሾች መስፋፋት ደንበኛቸውን በወሰደባቸው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገርለትን የንግድ ማሻሻያ ቀጠና አቋቁመዋል። በቀጠናው ያለ የንግድ ድርጅት ሁሉ ተጨማሪ መዋጮ እንዲከፍል የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ገንዘቡን ማዘጋጃ ቤቱ ሰብስቦ ለነጋዴዎቹ ቦርድ የሚመልስ ሲሆን፣ ቦርዱ ለመብራት፣ ለዛፍ ተከላ፣ ለጽዳትና ለማስተዋወቅ ያውለዋል።

በኢትዮጵያ ይህን አሠራር እንዳለ መቅዳት አይቻልም። የምክር ቤት አባልነት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ በአንድ ጎዳና ላይ ካሉ ሱቆች ግማሹ ከፍሎ ግማሹ ሳይከፍል የሚጠቀምበት ሁኔታ ይፈጠራል። ሆኖም በከተሞቻችን ኅብረተሰቡ ገንዘብና ጉልበት አዋጥቶ የውስጥ ለውስጥ መንገድ በኮብልስቶን የማንጠፍ ልምድ ያለ ሲሆን፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የከተሞች የአካባቢ አስተዳደር ልማት ፕሮግራምም ከተሞች የኢንቨስትመንት ዕቅዳቸውን ከነዋሪው ጋር በመመካከር እንዲያወጡ አድርጓል። የመሐል ከተማ ነጋዴዎችን መዋጮና ሐሳብ በዚሁ አሠራር ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

በስብሰባው የማይገኘው ነጋዴ

የምክር ቤቶች ድምፅ ሁልጊዜ የነጋዴው ሁሉ ድምፅ ነው ማለት አይደለም። በኮሚቴዎች ውስጥ ጊዜና ገንዘብ ያላቸው የሆቴል ባለቤቶች፣ አስመጪዎችና የሕንፃ ባለሀብቶች ብልጫ የሚይዙበት አጋጣሚ አለ። በመሐል ከተማ በርካታው ነጋዴ ግን ተከራይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ብዙዎቹ በቀበሌ ሥር ሆነው ለአሥርት ዓመታት በሱቅነትና በምግብ ቤትነት ተከራይተዋል። አንዲት የቀበሌ ቤት ተከራይታ ሻይ ቤት የከፈተች ሴት፣ በግል ሱቅ በረንዳ ላይ የምትሰፋ ልብስ ሰፊ ወይም የጉልት ነጋዴ ቤቱ ሲፈርስ ግምት የሚወጣለት ንብረት የላቸውም። የሚያጡት ደንበኛቸውንና ቦታቸውን ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትና ካሳ የሚከፈልበት አዋጅ ቁጥር 1161 ተነሺዎች ቦታውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ምክክር እንዲደረግ፣ ቅሬታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤም እንዲቋቋም ደንግጓል። አዋጁ በኋላ የተሻሻለ ቢሆንም መነሻው ምክክር መቅደም አለበት የሚለው ሐሳብ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከዚያ አዳማን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ከተስፋፋ ወዲህ የጥያቄው ክብደት ጨምሯል። ሥራው ፈጣን በሆነ መጠን አስቀድሞ የተዘጋጀ የተከራይ ነጋዴዎች መዝገብ አስፈላጊነት ይጎላል። መዝገቡን ለማዘጋጀት ከአስተዳደሩ ባለሙያ ይልቅ ጎዳናውን ሱቅ በሱቅ የሚያውቀው የነጋዴዎች ኮሚቴ ይቀርባል።

ከአዲስ አበባው መርካቶ የሚወሰድ ልምድም አለ። ቦታው በመልሶ ማልማት እንደሚነካ በታወቀ ጊዜ ነባር ነጋዴዎች በአክሲዮን ማኅበር ተደራጅተው በቀድሞው ቦታቸው ባለ ብዙ ፎቅ የገበያ ሕንፃዎችን ገንብተዋል። በዚህ ረገድ መደራጀት ነባሩን ነጋዴ በቦታው ሊያቆይ እንደሚችል ታይቷል። አክሲዮን ለመግዛት አቅም ያልነበረው አነስተኛ ነጋዴ ግን በዚህ መንገድ መጠቀም አይችልም።

ሁለት ማስገንዘቢያዎች

መደማመጥ ሲጓደል የሚከተለውን ጉዳት የሚያሳዩ ሁለት ክስተቶች አሉ። የመጀመሪያው በ2009 ዓ.ም. ክረምት የተሠራው የአነስተኛ ግብር ከፋዮች የዕለት ገቢ ግምት ነው። ግምቱ ይፋ በሆነ ጊዜ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብርቱ ቅሬታ ተነሥቷል፤ በአንዳንድ ከተሞችም ሱቆች ተዘግተዋል። ቅሬታው በይግባኝ መታየቱ ተገቢ ቢሆንም፣ የግምቱ ዘዴ ከመተግበሩ በፊት ከነጋዴው ተወካዮች ጋር በየዘርፉ ቢመከርበት ኖሮ የብዙ ሰው ጊዜና አመኔታ በተቆጠበ ነበር።

ሁለተኛው ከሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በሻሸመኔ፣ በባቱና በሌሎች ከተሞች የደረሰው ጥፋት ነው። የሰው ሕይወት አልፏል፤ ሆቴሎች፣ ሱቆችና መኖሪያ ቤቶች ተቃጥለዋል። ሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ወላይታና ወደ ባሌ የሚወስዱ መንገዶች የሚገናኙባት የንግድ ማዕከል በመሆኗ ጉዳቱ ከከተማዋ አልፎ ተሰምቷል። ከእንዲህ ያለ ጉዳት በኋላ ማዕከሉን መልሶ ማቋቋም የባንክ ብድር ማራዘምን፣ የግብር ዕዳን፣ የግንባታ ፈቃድንና የጸጥታ ዋስትናን በአንድነት ይጠይቃል። ውሳኔዎቹ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የተበታተኑ በመሆናቸው፣ የተጎጂዎችን ሁሉ ጥያቄ ያለ ልዩነት በአንድ ሰነድ አሰባስቦ የሚያቀርብ አካል ከሌለ ጠንካራው ራሱን ሲያቋቁም ደካማው ወደ ኋላ ይቀራል።

ከከተማ አስተዳደሮች የሚጠበቅ

ከላይ ከተመለከተው በመነሣት የከተማ አስተዳደሮች በሥራ ዕቅዳቸው ሊያካትቷቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። የፕላን ወይም የመልሶ ማልማት ጥናት በሚጀመርበት ዕለት የነጋዴዎች ተወካዮች እንዲያውቁት ማድረግ፣ ረቂቁንም በከተማው የሥራ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ ከማውጣት በተጨማሪ ነጋዴው በሚገባው ቋንቋ ማብራራት የመጀመሪያው ነው። ተከራዮች፣ ሴቶችና ጥቃቅን ነጋዴዎች በኮሚቴው ውስጥ ራሳቸውን የቻሉ ተወካዮች እንዲኖሯቸው መጠየቅ፣ የቀረበው ሐሳብ ተቀባይነት ማግኘቱንና አለማግኘቱን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ማሳወቅ ደግሞ ቀጥለው የሚመጡ ናቸው።

የንግድ ምክር ቤቶችም በበኩላቸው የአባላቱን ጥቅም ከከተማው ጥቅም ጋር የማጣጣም ኃላፊነት አለባቸው። የእግረኛ መንገድን በሸቀጥ መያዝ ወይም ግብርን መሸሽ በምክር ቤት ስም የሚከራከሩለት ጉዳይ ሊሆን አይገባም። የመጨረሻው ውሳኔ የተመረጠው የከተማ ምክር ቤት ነው። ውሳኔው የሚጸናውና ማዕከሉም ከታደሰ በኋላ ሥራ የሞላበት ሆኖ የሚቀጥለው ግን ሱቁን በየማለዳው የሚከፍተው ሰው አስቀድሞ ሲደመጥ ነው።