የመዳብ ሳንቲም ቀለም

የመዳብ ሳንቲም ቀለም መዳብ ከአየር፣ ከእርጥበትና ከእጅ ላብ ጋር ሲገናኝ በሳንቲሙ ገጽ ላይ የሚታይ የመልክ ለውጥ ነው። አዲስ የተመታ የመዳብ ሳንቲም ብርቱካንማ ቀይ ሲሆን፣ ከጊዜ ብዛት ወደ ቡናማ፣ አንዳንዴም ወደ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ይለወጣል። ቀለሙ ሳንቲሙ እንዴት እንደተቀመጠ፣ ታጥቦ ወይም ተቀብቶ እንደሆነ ስለሚጠቁም ሰብሳቢዎችና የታሪክ አጥኚዎች በጥንቃቄ ይመለከቱታል።

የለውጡ ምክንያት

መዳብ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ መጀመሪያ ቀላ ያለ ስስ ኦክሳይድ ይፈጥራል። ይህ ሽፋን እየወፈረ ሲሄድ ሳንቲሙ ቡናማ ይሆናል። በአየር ውስጥ ያለ ድኝ ያጠቁረዋል። ጠንካራና ወጥ የሆነው ቡናማ ሽፋን ከሥሩ ያለውን ብረት ከተጨማሪ ጉዳት ይከላከላል። በአንጻሩ ጨውና እርጥበት ሲገናኙ የሚወጣው ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ብረቱን እየበላ ይሄዳል። ይህ ችግር ከመሬት ተቆፍረው በሚወጡ ጥንታዊ ሳንቲሞች ላይ ይበዛል።

በኢትዮጵያ

በአክሱም ዘመን ከተመቱት የመዳብ ሳንቲሞች አንዳንዶቹ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ወርቅ ተለብጠዋል። እንዲህ ያለውን ሳንቲም መፈግፈግ ወርቁንም ሊያጠፋው ይችላል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በአራዳ ነበር። በዘመኑ ግብይት አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር ይሠራባቸው ነበር። ለጥቃቅን ግብይት ከወጡት ሳንቲሞች አንዱ 1889 ዓ.ም. የሚል የተጻፈበት የመዳብ መቶኛ ነው። በ1923 ዓ.ም. ደግሞ 1 እና 5 መቶኛ ከመዳብ፣ 10፣ 25 እና 50 መቶኛ ከኒኬል ተሠሩ።

የስሙኒ ጠርዝ

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሥራ ላይ ሲውል 1፣ 5፣ 10 እና 25 ሳንቲም በአብዛኛው ከመዳብ፣ 50 ሳንቲም ግን ከብር ተሠርተው ነበር። ክቡ 25 ሳንቲም (ስሙኒ) በመጠን ከ50 ሳንቲሙ ጋር ይቀራረብ ስለነበር፣ የብር ቀለም ከተቀባ በእጥፍ ዋጋ ሊያልፍ ይችል ነበር። ስለዚህ ክቡ ተሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ የተከረከመ ስሙኒ ተተካ። ቀለም ሊያታልል ቢችልም ቅርጹን በእጅ ዳስሶ መለየት ይቻላል። በሳንቲሞቹ ላይ ያለው 1936 ዓ.ም. ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ስለተመታ፣ ዓመቱን ብቻ አይቶ የተመቱበትን ጊዜ ማወቅ አይቻልም።

ደረጃ አወጣጥና አያያዝ

በዓለም አቀፍ ገበያ የመዳብ ሳንቲሞች ቀይ፣ ቀይ-ቡናማ እና ቡናማ ተብለው ይመደባሉ። በተፈጥሮ ቀይነቱን የጠበቀ ሳንቲም በአብዛኛው ይወደዳል። ቡናማውን በሎሚ፣ በጨው ወይም በአመድ ፈግፍጎ ቀይ ማድረግ ግን ዋጋውን ይቀንሳል። አሲድ ሽፋኑን አሟሙቶ ሐምራዊ-ቀላ ያለ፣ ሕይወት የሌለው መልክ ይተዋል። አመድ ደግሞ ጥቃቅን ጭረት ያወጣበታል፤ የተፋቀውም ብረት አይመለስም።

ሳንቲም በጠርዙ ይያዛል። በደረቅ ቦታ፣ ከፒቪሲ ፕላስቲክ ርቆ መቀመጥ አለበት። ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት የታየበት ሳንቲም ከሌሎቹ ተለይቶ ለቅርስ ጥገና ባለሙያ ይታያል።