የካኖ የፖሊዮ ክትባት እቀባ

በሰሜን ናይጄሪያ፣ በተለይም በካኖ ግዛት፣ ከ2003 እስከ 2004 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) የፖሊዮ ወይም የልጅነት ልምሻ ክትባት የተቋረጠበት ክስተት። የሴራ እምነት የሕዝብን ጤና እንዴት እንደሚጎዳ ከሚያሳዩ ምሳሌዎች ዋነኛው ነው።

አንዳንድ የሃይማኖት መሪዎችና ሐኪሞች ክትባቱ ሴቶችን የሚያመክን ንጥረ ነገርና ኤችአይቪ እንዳለበት፣ ዓላማውም የሙስሊሙን ቁጥር መቀነስ እንደሆነ ተናገሩ። ውንጀላው ሐሰት ነበር፤ ጥርጣሬው ግን ከሜዳ አልተነሣም። የመድኃኒት ኩባንያው ፋይዘር በ1996 የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ወቅት ትሮቫን የተባለ መድኃኒቱን በካኖ ሕፃናት ላይ ሞክሮ ነበር፤ በሙከራው ከተካተቱት 200 ገደማ ሕፃናት 11ዱ ሞተዋል። በዚያ ላይ ወላጆች ከጤና ጣቢያ ለወባ እንኳ መድኃኒት በማያገኙበት ሁኔታ፣ የፖሊዮ ጠብታ ብቻ በነፃ፣ ያውም ደጃፋቸው ድረስ ደጋግሞ ሲመጣ «ለምን ይሆን?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ብዙዎች በር ዘጉ። አንዳንድ ቤተሰቦች ደግሞ ልጁ ሳይከተብ ጣቱን ብቻ የተከተቡ ልጆች በሚለዩበት ቀለም አስነክተው ክትባት ሰጪዎቹን ሸኙ።

ክትባቱ በመቋረጡ ቫይረሱ ተዛምቶ 20 ገደማ አገሮች ደረሰ። ለጥቂት ዓመታት ከበሽታው ነፃ ሆና የቆየችው ኢትዮጵያም በሱዳን በኩል ገባባት።

እቀባውን ያበቃው ክትባቱ ከጉዳት ነፃ መሆኑን ያሳየው የላብራቶሪ ማስረጃ ብቻ አልነበረም። ክትባቱ ከሙስሊሟ ኢንዶኔዥያ እንዲመጣ ስምምነት ሲደረስ፣ በሐምሌ 2004 ዘመቻው ቀጠለ። አፍሪካ ከተፈጥሮ የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ የተረጋገጠው በነሐሴ 2020 ሲሆን፣ ከአህጉሩ በመጨረሻ ከቫይረሱ የጸዳችው አገር ናይጄሪያ ነበረች።