ወጣኒና የአራዊቱ መዝገብ

ባለፈው ክረምት፣ የአጅባር ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ እስከ ደጃፋችን በወጣበትና መብራትም እንደ ልማዱ በጠፋበት በአንድ ምሽት፣ ከምድጃው ዳር ተቀምጦ በስልኩ ብርሃን ፊቱ የተገለጠው የእኅቴ ልጅ «ጋሼ፣ እኒህ ሽማግሌ መንገዱን ዘግተው አላሳልፍ አሉኝ» አለኝ። የምን ሽማግሌ እንደሆኑ ብጠይቀው ስልኩን ወደ እኔ አዞረው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ የሰው ምስል በጎዳናው መካከል ተጋድሟል፣ ከአጠገቡ የቆመችውም ልጅ አያቷ ገና ቡናቸውን እንዳልጠጡ ታስረዳለች። በወሎ ምድር ተወልዶ ያደገ ሰው ቡናውን ያልጠጣ ሽማግሌ ምን ዐይነት ፍጡር እንደሆነ ያውቃልና፣ ስቄ ሳበቃ የዚህን ጨዋታ ጥንተ ነገር እመረምር ዘንድ ልቤ ተነሣሣ።

ጨዋታው ፖኬሞን ይባላል፤ «የኪስ ጭራቅ» የሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ በጃፓናውያን አንደበት አጥሮ የወጣለት ስም ነው። በጃፓን ለገበያ የቀረበው፣ ዘመኑን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ልጻፈውና፣ የካቲት 19 ቀን 1988 ዓ.ም. ነበር። የሽማግሌው ነገር ግን በጃፓንኛው እንዲህ አልነበረም፤ በዚያ ሰውዬው መንገድ ላይ የተዘረሩት መጠጥ አሸንፏቸው ሲሆን፣ መስከረም 18 ቀን 1991 ዓ.ም. ጨዋታው ወደ አሜሪካ በተሻገረ ጊዜ ስካሩ በቡና ጥማት ተለወጠ። ይህች ትንሽ የትርጓሜ ዘዴ ባትኖር ኖሮ እኔም ይህን ለመጻፍ ባልተነሣሁ ነበር።

የነገሩ ሥር የሚገኘው ከቶኪዮ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው በማቺዳ ነው። ነሐሴ 22 ቀን 1957 ዓ.ም. የተወለደው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ሜዳውንና ኩሬውን እየዞረ ጥንዚዛና ሌላም በራሪና ተሳቢ ነፍሳት ይሰበስብ ስለነበር፣ ባልንጀሮቹ የነፍሳት ሊቅ የሚል ቅጽል አውጥተውለት ነበር። ሌሎች ልጆች ጥንዚዛ ለመያዝ የዛፍ ልጥ ላይ ማር ቀብተው ሲጠባበቁ፣ እርሱ ግን ጥንዚዛ በድንጋይ ሥር መተኛት እንደሚወድ አስተውሎ ከዛፉ ግርጌ ድንጋይ ያኖርና ማለዳ ሄዶ ድንጋዩን ያነሣ ነበር፤ ከዚህ ብልሃት ያየሁት ተንኰልን ሳይሆን፣ የፍጥረትን ጠባይ አስቀድሞ መርምሮ ወጥመዱን ከጠባዩ ጋር ማስማማትን ነው። ቶኪዮ እየሰፋች ሜዳውን በቤትና በአስፋልት ስትሸፍነው ጥንዚዛዎቹ ጠፉ፣ ዓሣ የሚጠመድበትም ኩሬ የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ አዳራሽ ሆነ። ልጁም ኩሬውን ተከትሎ ወደ አዳራሹ ገባ ቢባል ነገሩን ማጋነን አይሆንም።

በ1975 ዓ.ም. ጌም ፍሪክ የተባለች፣ በእጁ ጽፎ የሚያባዛትን መጽሔት ስለ ጨዋታዎች ማውጣት ጀመረ፤ ኬን ሱጊሞሪ የተባለው ሠዓሊ ተባበረው፤ መጽሔቲቱም በ1981 ዓ.ም. ኩባንያ ሆነች። በዚያው ዓመት ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ጌም ቦይ የሚባለውን በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አወጣ፤ አራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ የሚበላ፣ በአራት ዐይነት ግራጫ ብቻ የሚሥል ድኻ መሣሪያ ነበር። ሁለቱን መሣሪያዎች የሚያገናኘውን ገመድ ሌሎች ለመፎካከሪያ ሲያስቡት፣ ታጂሪ ግን በገመዱ ላይ ነፍሳት እየዳኹ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ሲሻገሩ በኅሊናው አየ። ከዚህ ራእይ ተነሥቶ ጨዋታውን ለመጨረስ 6 ዓመት ያህል ፈጀበት። ጭራቅን አግባብቶ ወገን ማድረግ በጃፓን ጨዋታዎች ዘንድ ከእርሱ በፊትም ነበረ፤ በ1979 ዓ.ም. የወጣው ሜጋሚ ቴንሴይ አጋንንትን በንግግር እያግባባ ያሰልፋል። ታጂሪ የጨመረው መሰብሰብን ራሱን የሥራው ፍጻሜ ማድረግ ነው።

እኔን ያስደነቀኝ የጨዋታው መግቢያ ነው። ወጣኒው፣ ተጫዋቹ የሚመራውን ልጅ ማለቴ ነው፣ ከእናቱ ቤት ይወጣና ከመንደሩ ዳር ወዳለው ረጅም ሣር ሊገባ ሲል፣ ኦክ የተባሉ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ከኋላው ጠርተው ያስቆሙታል፤ ያለ ጓደኛ ወደ ሣሩ መግባት አደጋ ነውና። ወደ ቤተ ሙከራቸውም ወስደው የእሳት፣ የውሃና የዕፅ ጠባይ ካላቸው ሦስት ግልገል ፍጥረታት አንዱን ያስመርጡታል፤ የፕሮፌሰሩ የልጅ ልጅ ግን የወጣኒውን ምርጫ የሚያሸንፈውን መርጦ ይይዛል። በዚህ ጊዜ የተመረጠው ግልገል ገና በ5ኛ ደረጃ ላይ ነው። ከዚያ ወጣኒው ወደ ሚቀጥለው ከተማ ሄዶ፣ ከሱቅ ለፕሮፌሰሩ የመጣ ዕቃ ተቀብሎ፣ የመጣበትን መንገድ ተመልሶ ካላደረሰ በቀር የፍጥረታቱ መዝገብ አይሰጠውም፤ ሽማግሌውም ከመንገዱ አይነሡም። የእኅቴ ልጅ ያልተረዳው ይህን ነበር፤ የሽማግሌው ቡና በፕሮፌሰሩ ዕቃ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን።

ይህንን ሥርዓት ሳይ የቆሎ ተማሪ ትዝ አለኝ። በወሎዎቹ በሳይንትና በቦረና፣ ተድባበ ማርያምን በመሰሉ አድባራት ዙሪያ፣ ልጅ ከእናቱ ቤት ሲወጣ የሚይዘው አኩፋዳ፣ ደበሎና በትር ነው፤ አኩፋዳው ለቁራሽ፣ ደበሎው ለብርድ፣ በትሩ ደግሞ በየደጁ ለሚጠብቀው ውሻ። ከየኔታ ዘንድ ሲደርስም ወዲያው መጽሐፍ አይገለጥለትም፤ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ መልእክት ያደርሳል፤ ከዚህም ጋር ፊደል ይቈጥራል፣ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም ወደ መልእክተ ዮሐንስ ንባብ፣ ቀጥሎም ውርድ ንባብና ቁም ንባብ እያለ እስከ ዳዊት ይደርሳል። ጃፓናዊው ይህን የእኛን ሥርዓት አላየም፤ ነገር ግን ትምህርትን በትንሽ ጀምሮ በመታዘዝ ማሳደግ የሁለቱም ማኅበረሰብ የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ ያ ልማድ በእርሱም እጅ ወደ ባትሪ መሣሪያ ሊገባ ችሏል።

ትንሽነቱን ደግሞ ከቅርብ ልናገረው። ከመጀመሪያዎቹ ከተሞች ቀጥሎ ጫካ አለ፤ እዚያ በ3ኛ ደረጃ ገደማ ያለ አረንጓዴ አባ ጨጓሬ ይያዛል። ይህ ትል ጠላቱን ከመግጨትና ድር ከመርጨት በቀር ጥበብ የለውም፤ ደጋግሞ ተጣልቶ 7ኛ ደረጃ ሲደርስ ራሱን ጠቅልሎ ሙሽሬ ይሆናል፤ ሙሽሬውም ቆዳውን ከማጠንከር በቀር አዲስ ነገር አይማርም። የእኅቴ ልጅ በዚህ ጊዜ በጣም ተሰላችቶ ሊጥለው ቢያስብም፣ በ10ኛው ደረጃ ክንፏ ነጭ የሆነ ቢራቢሮ ሆና ወጣች፤ በ12ኛውም ኅሊናን የምታውክ ኃይል ተማረች። ከጫካው ባሻገር ያለችው ከተማ አለቃ ብሮክ ሁለት የድንጋይ ፍጥረታት፣ አንዱን በ12ኛ ሌላውንም በ14ኛ ደረጃ ይዞ ይጠብቃል፤ የእሳቱን ግልገል የመረጠ ልጅ በእሳት ድንጋይ ሊያቃጥል ሞክሮ ሲያቅተው፣ ያ የተናቀ ትል ያወጣት ቢራቢሮ ድንጋዩን ትጥልለታለች። በጨዋታው ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ብዙ ግጥሚያ አለ፤ ከዚህ የተሻለ የተፈጠረ ግን ያለ አይመስለኝም።

ተንቆ የመክበር ታሪክ ባለ ገድል በቅርባችንም ነበረ። በቦረና ምድር በሰግላ የተወለደው፣ በዐፄ ዳዊትና በዐፄ ይስሐቅ ዘመን የኖረው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ለትምህርት ሄዶ ሳለ ለብዙ ጊዜ ትምህርት እንዳልገባው፣ በወፍጮም እህል እየፈጨ ማኅበሩን ያገለግል እንደነበር ገድሉ ይተርካል፤ በኋላ መጽሐፈ ምሥጢርንና ሰዓታትን የደረሰው ግን ይኸው ሰው ነው። ቅዱስን ከአባ ጨጓሬ ጋር አነጻጸርህ የሚለኝ ካለ፣ ይህን ማነጻጸር እኔ አልጀመርሁትም ብዬ ፊሳልጎስን እጠራለሁ።

ፊሳልጎስ የፍጥረትን ጠባይ የሚያውቅ ማለት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ የክርስትና ዘመናት በግሪክኛ ተጽፎ በአክሱም ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰ የአራዊት መጽሐፍ ሲሆን፣ ፍሪትዝ ሆመል የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ1870 ዓ.ም. ገደማ በላይፕዚግ አሳትሞታል። አንበሳን፣ ፊኒክስ የተባለውን ወፍ፣ ጕንዳንን፣ ሌላውንም እያነሣ አስቀድሞ ጠባዩን ያወሳል፣ ከዚያም የጠባዩን ምሥጢር ይተረጕማል። በጨዋታው መዝገብም ያየሁት ይህንኑ አካሄድ ነው፤ ወጣኒው አንዱን አውሬ በሩቅ ያየው እንደሆነ በመዝገቡ ስሙና መልኩ ብቻ ይጻፋል፣ ሲይዘው ግን ጠባዩ፣ ቁመቱና ክብደቱ ይገለጥለታል። ባየውና በያዘው መካከል ያለው ርቀት፣ በእኛ ቤት በንባብና በትርጓሜ መካከል ያለው ርቀት ነው። የእሳቱ ግልገል እንኳ ሥሩ የቆየ ነው፤ በእንግሊዝኛ የወጣለት ስም ሳላማንደር ከሚባለው እንሽላሊት መሰል ፍጥረት የተወሰደ ሲሆን፣ ይህ ፍጥረት በፊሳልጎስ ወደ እቶን ቢገባ እሳቱን የሚያጠፋ ተብሎ ተጽፏል፣ ለትርጓሜውም ሠለስቱ ደቂቅ ይጠቀሳሉ። የጨዋታው ግልገል ግን በጅራቱ ጫፍ ነበልባል ተሸክሞ ይዞራል፣ ነበልባሉ ከጠፋ ሕይወቱ ታልፋለች ይባላል። በሺህ ዓመታት ጉዞ እሳት አጥፊው እሳት ተሸካሚ ሆኖ መገኘቱ፣ ፍጥረታት በመጽሐፍ ውስጥም ቢሆን እንደሚለወጡ ያሳየኛል።

የእኅቴን ልጅ፣ በቦረናና በሳይንት መካከል ባለው በብሔራዊ ፓርኩ ስለሚኖሩት ስለ ጭላዳ፣ ስለ ምኒልክ ድኩላና ስለ ቀይ ቀበሮ ጠየቅሁት። ጭላዳን በየጊዜው ከገደሉ አፋፍ ያየዋል፤ ቀይ ቀበሮን ግን በሕይወቱ አላየም። «እንግዲያስ በመዝገብህ ስሙ እንኳ የለም» ብለው ከስልኩ ላይ ቀና ብሎ አየኝ።

አሁን ወደ ፍጥረታቱ ኍልቍ እንለፍ፤ ከሁሉ የሚያስገርመኝ እርሱ ነውና። ለወጣኒው የተነገረው 150 ፍጥረታትን እንዲሰበስብ ነው። ጨዋታው ተጠናቆ ሊታተም በተቃረበ ጊዜ፣ ስሕተት ለመፈለጊያ የገባው ጽሑፍ ሲወጣ ጨዋታውን በያዘው ካርትሪጅ ውስጥ 300 ባይት የሚያህል ባዶ ስፍራ ቀረ፤ ከሠሪዎቹ አንዱ ሺጌኪ ሞሪሞቶ በዚያች ስፍራ ሚው የተባለ 151ኛ ፍጥረት አስገባ። የግእዝ ፊደል በዛሬው ኮምፒዩተር አንዱ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ስፍራዪቱ ከመቶ ፊደል አታልፍም ነበር። ይህ ፍጥረት በጨዋታው ተራ መንገድ አይገኝም፤ ወሬው ግን በልጆች አፍ ተዛምቶ ለጨዋታው መጽናት ትልቅ ምክንያት ሆነ።

ዳዊት የደገመ ሁሉ ደግሞ ይህን ኍልቍ ያውቀዋል። መዝሙሩ 150 ነው፤ በሰብዓ ሊቃናት ግሪክኛና በእኛ መጽሐፍ ግን ከመጨረሻው በኋላ አንድ ተጨማሪ አለ፣ በግሪክኛውም ርእሱ ከኍልቍ ውጭ ተብሎ ይጠራል። የሚናገረውም ከወንድሞቹ ሁሉ ታናሽ ስለሆነ፣ የአባቱን በጎች ስለሚጠብቅ፣ ኋላም ጎልያድን ስለ ገጠመ ብላቴና ነው። የሞሪሞቶ ፍጥረትና የዳዊት መዝሙር በቁጥር መገናኘታቸው አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን የአባቴን የብራና ዳዊት ከሰቀላው አውርጄ የመጨረሻውን ቅጠል ለልጁ ባሳየሁት ጊዜ፣ ለቅጽበት ያህል ስልኩን አስቀመጠ።

ኋላ ግን መልሶ አነሣው። ዕቃውን ከሱቅ ተቀብሎ ለፕሮፌሰሩ አድርሶ፣ መዝገቡን ተረክቦ ወደ ሰሜኑ መንገድ ቢመለስ ሽማግሌው ተነሥተው ቆመዋል፤ ቡናቸውንም ጠጥተዋል። ቊጣቸው ጠፍቶ አንድ ትል በማጥመጃው ኳስ እንዴት እንደሚያዝ ሊያሳዩት ከፊቱ ቀደሙ፤ በዚህ ጊዜ እኅቴ የቶናውን ስኒ አቀበለችኝና ልጇን «አንተ ደግሞ ረክቦቱን ወዲህ አስጠጋ» አለችው።