የቡትሎደር አነሳስ ማስተካከያ

ቡትሎደር ኮምፒውተር ሲበራ ከባዮስ ወይም ከዩኢኤፍአይ ቀጥሎ ሥራ የሚጀምር፣ ከርነሉን ከዲስክ ወደ ሜሞሪ ጭኖ ሥራውን የሚያስረክብ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የትኛውን ስርዓት እንደሚያስነሳ፣ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅና ለከርነሉ ምን እንደሚያስተላልፍ የሚወሰነው በኮንፊገሬሽን ፋይሎችና ማሽኑ ከጠፋ በኋላም በሚቆዩ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎች ነው። እንደ ዲላ፣ ወናጎና ይርጋጨፌ ባሉ፣ መብራት ሄዶ በሚመጣባቸው የጌዴኦ ዞን ከተሞች፣ አንድ ሰርቨር የሰው እጅ ሳይነካው ተመልሶ መነሳቱ በአብዛኛው በእነዚህ ቅንብሮች ላይ ያርፋል።

አመጣጥ

ግራብ የተባለውን ቡትሎደር ኤሪክ ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1995 ለግኑ ኸርድ ጻፈው። በራውተሮችና በትንንሽ ቦርዶች ላይ በብዛት የሚገኘው ዩ-ቡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቮልፍጋንግ ዴንክ ስም ይታወቃል። መነሻው ግን ማግነስ ዳም ለፓወርፒሲ የጻፈው 8ኤክስኤክስሮም ነው። ዴንክ እ.ኤ.አ. በ1999 ፕሮጀክቱን ወደ ሶርስፎርጅ ሲያዛውር ድረ ገጹ በአኃዝ የሚጀምር ስም ስለማይቀበል ፒፒሲቡት አለው። በ2002 አርምቡት የተባለ ቅርንጫፍ ለጥቂት ጊዜ ተለይቶ ከተመለሰ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ፕሮጀክቱ ዩ-ቡት ተባለ። ስለዚህ ዳምን ጀማሪ፣ ዴንክን አሳዳጊ ማለት ለሁለቱም ተገቢ ይመስላል።

ግራብና የመብራት መቋረጥ

በኡቡንቱና በዴቢያን አስተዳዳሪው የሚነካው በኢቲሲ ማውጫ፣ ዲፎልት ሥር ያለውን የግራብ ፋይል ነው፤ ከዚያ አፕዴት-ግራብ ሲታዘዝ ዋናው ግራብ.ሲኤፍጂ እንደ አዲስ ይጻፋል። ግራብ.ሲኤፍጂን በቀጥታ ያረመ ሰው ከርነል በተሻሻለ ቁጥር ሥራውን ያጣል።

ከአንዱ አነሳስ ወደ ቀጣዩ የሚሻገረው መረጃ ግራብኤንቭ በተባለ ልኩ 1024 ባይት በሆነ ፋይል ይቀመጣል። ልኩ የማይለወጠው ግራብ በዲስክ ላይ አዲስ ቦታ መያዝ ስለማይችል፣ ቀድሞ በተያዘው ቦታ ላይ ብቻ ስለሚጽፍ ነው፤ ትርፉ ባዶ ቦታ በ# ምልክት ይሞላል።

ኡቡንቱ በዚህ ፋይል ውስጥ ሪኮርድፌይል የሚባል ቫሪያብል ይጠቀማል። ግራብ ከርነሉን ከመጫኑ በፊት ዋጋውን 1 ያደርጋል፤ ስርዓቱ በሰላም ተነስቶ ሲያበቃ ያጠፋዋል። መብራት መጥቶ ማሽኑ በመነሳት ላይ ሳለ ተመልሶ ከሄደ ግን 1 እንደሆነ ይቀራል፤ በቀጣዩ ጊዜ ግራብ ያለፈው አነሳስ እንዳልተሳካ ቆጥሮ የምርጫ ዝርዝሩን (ሜኑውን) አውጥቶ ይጠብቃል። በአሁኖቹ ቅጂዎች ጥበቃው 30 ሰከንድ ሲሆን፣ በቀደሙት ግን ገደብ አልነበረውም፤ ሞኒተርና ኪቦርድ የሌለው ሰርቨር ሰው መጥቶ ኢንተር እስኪጫን እዚያው ይቆም ነበር። መፍትሔው ግራብ_ሪኮርድፌይል_ታይምአውት በሚለው መስመር አጭር ቁጥር መጻፍ ነው። ባዮሱ ላይ መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱ እንዲበራ ካልተደረገ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም ይኸው ነው።

ዩ-ቡት

ዩ-ቡት ቫሪያብሎቹን ከስህተት መፈተሻ ቁጥር ጋር ያስቀምጣል። ሲጻፍ መብራት ቢቋረጥና ቁጥሩ ቢዛባ ወደ ፋብሪካ ቅንብር ይመለሳል፤ ስለዚህ ሁለት ቅጂ ማስቀመጥ ይመከራል። ቡትካውንትና ቡትሊሚት አነሳሱ ደጋግሞ ሲከሽፍ አልትቡትሲኤምዲ ወደተባለው አማራጭ ትእዛዝ ያሻግሩታል።

ኦፕን ፈርምዌር በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የገቡት በሺዎች የሚቆጠሩ ኤክስኦ የተባሉ የተማሪ ላፕቶፖች የሚነሱት ሚች ብራድሊ ባዘጋጀው ኦፕን ፈርምዌር ነበር። ቡት በተባለው ማውጫ ውስጥ ኦኤልፒሲ.ኤፍቲኤች የተባለውን ፋይል ፈልጎ ያስኬዳል። ፋይሉ በፎርዝ ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን የመጀመሪያው መስመር በባክስላሽና በባዶ ቦታ መጀመር አለበት። የደኅንነት ጥበቃው ከበራ ግን ያልተፈረመበትን ስርዓት ለማስነሳት የገንቢ ቁልፍ ይጠየቃል፤ ይህ ለታዳጊ ተማሪዎች በተሰጠ ማሽን ላይ የተወሰደ ብልህ ጥንቃቄ ነው።

ራዝቤሪ ፓይ

ራዝቤሪ ፓይ በተባለው ትንሽ ቦርድ ላይ ቅንብሩ ኮንፊግ.ቲኤክስቲ በተባለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ስለሆነ ሜሞሪ ካርዱን ነቅሎ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ማረም ይቻላል።

ደኅንነት

ግራብ የይለፍ ቃል ካልተደረገበት የምርጫ ዝርዝሩ ላይ ኢ የሚለውን ቁልፍ የተጫነ ሰው የከርነሉን መስመር ለውጦ ያለ ይለፍ ቃል ሩት መሆን ይችላል። ብዙ ተማሪ በሚገባበት የኮምፒውተር ላብ ሱፐርዩዘርስ የተባለውን ቫሪያብል ከተመሰጠረ የይለፍ ቃል ጋር ማስቀመጥ ያስፈልጋል።