ወተት እንቢ ያለ ሆድ

ከያቤሎ ወደ ሜጋ ስትወርዱ ዱብሉቅን ታገኛላችሁ። ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች ያሏት አገር ናት፤ ጎረምሶች ከታች እስከ ላይ በእርከን ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ውኃውን ከእጅ እጅ እየተቀባበሉ ያወጡታል። እኔ እዚያ ከብት ነጋዴ ነኝ። ስኳር በሽታው፣ ደም ግፊቱና ውፍረቱ ተደራርበውብኝ አይሱዙ ላይ መውጣት ቢያቅተኝ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ተቀደድኩ።

ሐኪሙ በወረቀት ስሎ አሳየኝ። ከጨጓራ አናት እንቁላል የምታህል ከረጢት ትለያለች፤ ትንሹ አንጀት ተቆርጦ ከእሷ ጋር ይሰፋል። የቀረው ጨጓራ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ምግብ አይደርሰውም። ይህን ቀዶ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1966 የጀመረው ኤድዋርድ ሜሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ለቁስለት ጨጓራቸው የተቆረጠላቸው ሰዎች ሲከሱ አይቶ።

ከሳሁ። ስኳሬም ወረደ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ታዲያ አንድ ቀን ዘመድ ልጠይቅ ኦላ፣ የቦረና መንደር፣ ገባሁ። ባለቤቲቱ ሻይ በወተት፣ ስኳሩን ጠንከር አድርጋ ሰጠችኝ። ሳልጨርሰው ልቤ ድው ድው አለ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔ ጨለመ፤ ቁርበቱ ላይ ተዘረርኩ። እሷ «ዓይን ነው!» ብላ ጮኸች። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ስኳሩ ጨጓራ ውስጥ ሳይቆይ አንጀት ላይ ይደፋል፣ አንጀትም ከደም ውኃ ይስባል። ብቻውን የተሰጠኝ ወተትም ሆዴን ይነፋው ጀመር። ቦረና ቤት ገብቶ የቀረበን ወተት መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የገባበት ያውቀዋል። ቡና ቀላ ሲቀርብ፣ ያ ከነገለፈቱ በቅቤ የበሰለው፣ አንዲት ፍሬ አንስቼ እያኘክሁ ምርቃቱን እቀበላለሁ። ከዚያ አላልፍም።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሐጋያና ጋና የምንላቸው የዝናብ ወቅቶች አምስት ጊዜ ተከታትለው ዝናብ ሳይጥል አለፉ። ከብቱ አለቀ፤ የተፈናቀለው ሕዝብ ዱብሉቅ ዳር ላስቲክ ወጥሮ ሰፈረ። እዚያ ያገኘኋቸው አንድ አባት ቆዳዬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ አይተው፣ «አንተንም አገኘህ? ስንት ቀረልህ?» ብለው እጄን ያዙኝ። በእርዳታ ስንዴ የሚያድሩ ሰው ለእኔ አዘኑ። ገንዘብ ከፍዬ ነው የከሳሁት እንዴት ልበላቸው? ቃል አልወጣኝም። እጃቸውን እንደያዝኩ ቆየሁ፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

እግሬ የደነዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጣቶቼ፣ ቀጥሎ ውስጥ እግሬ፤ ጫማዬ ሲወልቅ አይታወቀኝም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው ተባልኩ። ሰውነት ቢ12ን እንዲወስድ የሚረዳው ከጨጓራ የሚመነጭ ነገር ነው፤ ጉበት ያጠራቀመው ስንቅ ለዓመታት ስለሚበቃ ጉድለቱ ዘግይቶ ይመጣል። መርፌው የዕድሜ ልክ ነው። ብረቱና ካልሲየሙም እንዲሁ፣ የደም ምርመራውም በየዓመቱ። ከሆስፒታል ስወጣ ስለ ቁስሉና ስለ ሾርባው በደንብ ነግረውኛል፤ ቆላ ለሚኖር ሰው መርፌው ከየት እንደሚገኝ ግን ማንም አላነሳልኝም። ሐኪም የሰውየውን አገር መጠየቅ አለበት እላለሁ።

አሁን የእህቴ ልጅ ይህንኑ ቀዶ ሕክምና ልታደርግ ነው። «አቡያ፣ ልተወው?» አለችኝ። ተይው አላልኳትም፤ እናቷን የወሰደብን ስኳር ነው። «ከመፈረምሽ በፊት የመርፌውን ነገር ጨርሺ፤ እኔ ያቤሎ ሲጠፋ ከሐዋሳ በሹፌር ነው የማስመጣው» አልኳት። የሹፌሩን ስልክ ሰጥቻታለሁ።